ለፊልም ሟች የተለቀሰ ለቅሶ

እኔ ፊልም የምፈራው ስለ ደሙ አይደለም። ደሙ ቀለም መሆኑን ማን ያጣዋል? እኔ የምፈራው ከቪዲዮ ቤት ስወጣ ነው። በተለይ ላሊበላ፣ በተለይ በክረምት። ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንደሩን ሁሉ ውጦታል። ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ ሲሄድ ታያለህ። ታዲያ ፊልሙ አልቋል ወይስ ገና ነው? እንጃ!

መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ቪዲዮ ቤት እንደ አሸን ፈልቶ ነበር። የኛው የአያ ካሳ ነው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው በቀን ብርሃን ያጨልሙታል። ዳኜ የሚባል አስጎብኚ አለ፤ ክረምት ቱሪስት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፈረንጆቹ ያሉትን በአማርኛ ይነግረናል። ያላሉትንም ጭምር።

የዚያን ቀን ፊልሙ ስለ አንድ ጋዜጠኛ ነበር። ጋዜጠኛ ይበሉት እንጂ ጅብ ነው። ካሜራውን አንግቶ ከተማውን ሲያስስ ያድራል። ሰው ተገደለ ሲባል ከፖሊስ ቀድሞ ይደርሳል። አንድ በጥይት የተመታ ልጅ ሲያጣጥር አገኘ። ውሃ አላቀመሰው፣ ሰው አልጠራለት። ቆሞ ቀረጸው። ልጁ ሲሞት ደግሞ «ጨለማ ነው» ብሎ እግሩን ይዞ ጎትቶ መብራት ሥር አወጣው። ፊቱንም ወደ ካሜራው አዞረው። በመድኃኔዓለም! ይሄ ሰው እናት የለውም?

ቤቱ አበደ። «እጅህ ይቆረጥ!» «አፈር ብላ!» አንዲት ሴት «ወይኔ፣ አልቃሽ እንኳ የሌለው!» ብላ ደረቷን ደቃች። እሷ ስትጀምር ማን ይቀራል? ሁላችንም አለቀስን።

በኛ አገር ደግሞ ለቅሶ ከተሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል። ጎረቤቱ ነጠላውን ዘቅዝቆ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እትዬ ስንዱ ናቸው። አንድ ልጃቸው ደርቤ ሰሊጥ ሊያርም ሁመራ ከወረደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። በሩ ላይ ሲቆሙ ለቅሷችን ቀጥ አለ። ሁላችንም ዞረን አየናቸው። ምን ነካን?

«ደርቤ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ኧረ ፊልም ነው፣ እትዬ!» አልን ባንድ አፍ።

አበላሸነው። መርዶ የሚነገረው ሲነጋጋ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። እስከዚያ ይዋሻል። «ትንሽ አሞት ነው» ይባላል፣ «መንገድ ላይ ነው» ይባላል። እትዬ ስንዱ ራሳቸው ስንቱን እንዲህ ዋሽተው አሳድረዋል! «ፊልም ነው» ስንላቸው አዲስ ውሸት የመጣ መሰላቸው።

«እስኪነጋ አትደብቁኝ! ልጄን!» ብለው መሬት ላይ ወደቁ። ዳኜ በመስቀል ማለ። አያ ካሳ በልጆቻቸው ማሉ። መሐላው በበዛ ቁጥር ለቅሶው ባሰ። ደጅ ያለው ሰው ጉሙ ውስጥ ሆኖ «ደርቤ፣ ደርቤ!» እያለ ያለቅሳል፤ ድምፁ ይሰማል እንጂ ሰዉ አይታይም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? እመኑኝ፣ እኔም ልጁ የሞተ መስሎኝ «ደርቤ!» ብዬ አለቀስኩ።

በመጨረሻ አያ ካሳ «እንግዲያስ ሟቹን ይዩት» ብለው ካሴቱን ወደ ኋላ መለሱት። እትዬን ደግፈን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥናቸው። ያ ጅብ ልጁን ጎተተ። መብራት ሥር አወጣው። ፊቱን አዞረው። እትዬ ስንዱ ተጠግተው መስተዋቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ጠቃጠቆ የሞላበት ቀይ ፈረንጅ ነው።

«የኔ አይደለም» አሉ። «የኔ አይደለም! ተመስገን!» ትንሽ ቆይተው ግን «እናቱ ሰምታ ይሆን?» ብለው ለሱም አለቀሱለት።

ዕንባቸውን ጠርገው ተነሡና የሟቹን ፊት ያዞረላቸው ልጅ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ዳኜ እያመነታ ጋዜጠኛው መሆኑን ነገራቸው። እትዬ ሁለት እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጉ።

«ተባረክ የኔ ልጅ! እጅህን ይባርከው! ዕድሜህን ያርዝመው!»

የትልቅ ሰው ምርቃት ደግሞ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ስንረግመው የዋልን ሰዎች ብድግ ብለን «አሜን» አልን።