ቫይረስ የማይገባበት ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ገና ሰላም ሳይላችሁ ስለ ቫይረስ ይሰብካችኋል። ቢቸና ላይ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛዬ ሙላት እንዲህ ያለ ሰባኪ ነው። የልጄን የሰርግ ጥሪ ካርድ ላሳትም ብሄድ፣ «ዊንዶውስን አባርሬዋለሁ፤ እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ቫይረስ አይገባም» ብሎ ተቀበለኝ። የወጣው ካርድ ግን ከሙሽራው ስም እስከ ሙሽሪት ስም ድረስ ባዶ ሣጥን ብቻ ሆነ፤ ለካስ የአማርኛ ፊደል አልጫነበትም። ለሰርጉ ዝግጅት ከሞጣ መጥተው አብረውኝ የሄዱት አጎቴ የቅኔ መምህር ናቸውና፣ ሣጥኖቹን አተኩረው አይተው «ሰሙን አየሁት፤ ወርቁ ግን አልገባኝም» አሉ።

ሙላት አላፈረም። «የኔታ፣ ዋናው ቫይረስ አለመግባቱ ነው» አላቸው።

«ልጄ፣ ፊደል በሌለበት ቤት ቫይረሱ ምን ሊያደርግ ይገባል?»