የሃርሎ ስታዲየም ዓምድ

በአሜሪካ፣ ሃርሎ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ፣ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካ ፉትቦል የሚካሄድበት ያረጀ ስታዲየም አለ። ያሠራው ሰው ዝናብ አይወድም ነበርና ለክብር ወንበሮቹ ብቻ ከባድ ጣሪያ አበጀላቸው። ጣሪያው የሚቆምበት ሲጠፋ፣ ከሕዝቡ መቀመጫ ፊት ለፊት፣ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዓምድ ተከለ። ከዓምዱ ኋላ የተቀመጠ ሰው ዝናቡን እንጂ ጨዋታውን አያይም። የትኬቱ ዋጋ ግን ያው ነው።

ስታዲየሙ ባለቤት በለወጠ ቁጥር ዓምዱ ይቀባል። መጀመሪያ ወርቃማ ነበር። ሁለተኛው ባለቤት "የግፍ ዘመን አበቃ!" ብሎ ቀይ ቀባው። ሦስተኛው በየጎኑ የተለያየ ቀለም ሰጠውና ተመልካቹን ከፊቱ በሚታየው ቀለም ለይቶ አስቀመጠ። አሁን ያለው ደግሞ ከላይ እስከ ታች መብራት አንቆጠቆጠበት።

ከዓምዱ ኋላ ያሉትም ዝም አላሉም፤ ተጣሉ እንጂ።

"ወርቃማው እያለ ዓምድ ዓምድ ይመስል ነበር!"

"ወግድ! ደግሞ ለወርቃማው! ቀዩ ነበር ሰውን እኩል የጋረደው!"

በዚህ ክርክር ጥርስ ረግፏል። የዕለቱን አሸናፊ ግን ሁሉም የሚሰሙት ማታ ቤታቸው ሲገቡ ነው።

ወይዘሮ ዘነቡ ከነዚህ አንዷ ናት። ዘንድሮ ልጇ ኢዮአብ ለቡድኑ መጫወት ጀምሮ፣ እሷ አንድም ቀን ሲሮጥ በዓይኗ አላየችውም። የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ሲቃረብ የስታዲየሙን ባለቤት በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

"ጌታዬ፣ ልጄን ልየው። ዓምዱን አንሡልኝ።"

"ሕዝብ ከጠየቀማ ይነሣል!" አለ ባለቤቱ፤ ጋዜጠኞች አጠገቡ ነበሩ።

እውነትም ተነሣ። በምትኩ ጣሪያው በወፍራም ገመድ ታሰረና የገመዱ ጫፍ ወደ ላይ ወደ ሕዝቡ መቀመጫ ተጎትቶ ከዓምዱ ኋላ ለኖሩት ተሰጠ። "ከዛሬ ጀምሮ ጣሪያው በእናንተ ክንድ ይቆማል" ተባሉ። አጨበጨቡ። ያለቀሱም ነበሩ።

"አየሽ ዘነቡ?" አለ ጎረቤቷ ጋሽ ይርዳው፣ መዳፉን እያሻሸ። "ባለድርሻ ሆንን!"

የጨዋታው ቀን ዘነበ። ሁሉም ገመዱን ይዘው ወደ ኋላ ተለጠጡ። ጠጉሩ እስኪርስ ወደ ኋላ ተለጥጦ የሚጎትት ሰው ደግሞ የሚያየው ሰማይ ብቻ ነው። ዓምዱ ከፊታቸው ቢሄድም ሜዳውን ያየ አልተገኘም። እርስ በርስ ግን "አንተ አላላኸው!"፣ "አንቺ ነሽ!" እየተባባሉ ይሰዳደቡ ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ድምፅ ማጉያው ጮኸ፤ "ኳሱ ኢዮአብ እጅ ገብቷል! እየሮጠ ነው!"

ወይዘሮ ዘነቡ ገመዱን ለቀቀች።

"ኧረ አንቺ ሴትዮ! ያዢ እንጂ!" አለ ጋሽ ይርዳው፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ።

"ልጄ እየሮጠ ነው።"

"ይሩጥ! ማታ በቴሌቪዥን ታዪዋለሽ። አሁን ክንድ ከጎደለ ይሄ ጣሪያ መውደቁ ነው!"

እሷ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል በዝናቡ ውስጥ ቆማ፣ "በማን ላይ፣ ጋሼ?" አለችው።