ጥይቷ ገና መንገድ ላይ ናት

ሰው በሰፈረበት ዓለት ሁሉ አንድ አልሞ ተኳሽ አይጠፋም። ውኃ ሊጠፋ ይችላል፣ አየር ሊያጥር ይችላል፣ ሐኪም የሚባል ፍጡር ስንት ዘመን ሳይታይ ሊከርም ይችላል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ረጅም ጠመንጃ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አድማሱን የሚቆጣ ሰው ግን የግድ አለ። እናንተም ሠፈር አለ። የለም ካላችሁ ጣሪያችሁን በደንብ አላያችሁትም።

እነዚህ ሰዎች ከአንድ እናት የወጡ ይመስላሉ። ካፖርታቸው ረጅም ነው። ቦት ጫማቸው ተጠግኖ ተጠግኖ ከጫማው ጥገናው በልጧል። ወሬ አናበዛም ይላሉ፤ ወሬ እንደማያበዙ ሲያወሩ ግን ይመሻል። ጠመንጃቸው እንዴት ነው ብላችሁ ስትጠይቋቸው፣ ስለ ታመመ ዘመድ የተጠየቁ ያህል በረዥሙ ተንፍሰው ነው የሚመልሱት። ባርኔጣም ያደርጋሉ። እኛ ኮርዳ ጨረቃ ላይ ፀሐይ ከሌላው ኮከብ ብዙም አትለይም፣ ከዋሻ የወጣ ሁሉ ሄልሜት አጥልቆ ነው የሚሄደው፤ እነሱ ከሄልሜቱ በላይ ባርኔጣ ይደፋሉ።

የእኛዋ እትዬ ቬርዳ ይባላሉ። ሙሉ ማዕረጋቸው ክብርት እትዬ ቬርዳ፣ የኮርዳ ሰማይ ዘብ፣ የበረዶ ሌቦች መቅሠፍት፣ የባዶ ቆርቆሮ ሁሉ ጠላት ነው። ካፖርታቸውን ያየ እንግዳ ይገረማል፤ ነፋስ የሚባል ነገር በሌለበት አገር ጫፉ ወደ ኋላ እንደተንሳፈፈ ይውላል። ምስጢሩ ያለው ባለቤቴ ኢልሳ ዘንድ ነው፤ ጠርዙ ውስጥ ሽቦ የሰፋችላቸው እሷ ናት። ያውም አንዴ ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ አስፈትተዋታል። ነፋሱ የሚመጣው ከቀኝ ነው አሏት፣ ኮስተር ብለው።

ቤታችን ለምሳ ሲመጡ ደግሞ ፊታቸውን ወደ በሩ ካላዞሩ አይቀመጡም። ለእሳቸው ብለን ገበታውን አዞርነው፣ ገበታው ሲዞር ምድጃው መዞር ነበረበት፣ አሁን ኢልሳ ምግብ የምታበስለው ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ነው። በዚያ በር ከጎረቤት ሌላ ገብቶ አያውቅም።

ኮርዳ ትንሽ ናት። እዚህ አግድም የተተኮሰ ጥይት ምንም ካልመታ መሬት አይወድቅም፤ ጨረቃዋን ዞሮ፣ አንድ ድስት የቀንድ አውጣ ሾርባ በሚበስልበት ጊዜ ውስጥ በተኳሹ ጀርባ ይመጣል። እትዬ ቬርዳ የሚቀመጡት የወደቡ ጣሪያ ላይ ነው፤ ከኋላቸው የሚመለሰውን ጥይት የሚቀበል የጆንያ ግድግዳ አለ። ጥይቱ ሊደርስ ሲል የወደቡ ቀይ መብራት ይበራል፣ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ባለበት ቁጭ ይላል፣ ጥይቱ ጆንያው ውስጥ ሲገባ መብራቱ ይጠፋል፣ ሰውም አቧራውን አራግፎ ይነሣል።

ይህ እንግዲህ ደማችን ውስጥ ገብቷል። ዋሻ ውስጥ ማንም ጥይት አይመታውም፤ ቢሆንም ቀይ ሲበራ ቁጭ እንላለን። እኔና ኢልሳ ስንጋባ ቃል ልንገባ አፋችንን ስንከፍት በራ፣ "እሺ" ያለችኝም መሬት ላይ ተቀምጣ ነው። አንድ ጊዜ ለሥራ ትልቋ ፕላኔት ሄጄ ነበር። መንገድ ልሻገር ስል ቀይ መብራት በራ፤ አስፋልቱ መሀል ዘፍ አልኩ። ትራፊክ ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ምን ነካህ ሲለኝ፣ አንተም ቁጭ በል ትመታለህ ብዬ እጁን ጎተትኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለዚህ አምድ አልጽፍም።

እትዬ ቬርዳ ሳትኩ የሚለውን ቃል አያውቁትም። ልምምዳቸው ምሰሶ ላይ የተሰቀለ የሾርባ ቆርቆሮ መምታት ነው። አንዳንድ ቀን ይመቱታል፣ አንዳንድ ቀን ቆርቆሮው ንቅንቅ አይልም። የወደቡ ሹም ማርቦ ደግሞ ቁጭ ብድግ የሚጠላ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ ሬዲዮኑን ይከፍታል። የሁላችንም ሄልሜት በአንድ መስመር ስለሆነ ጨረቃዋ በሙሉ ትሰማለች።

"እትዬ ቬርዳ፣ ቆርቆሮው ቆሟል እኮ።"

"ይቁም። ምን ቸገረህ?"

"ሳቱት ማለት ነዋ።"

"ማርቦ፣ አንተ ጀልባ ስታሳርፍ እኔ አፌን ከፍቻለሁ? አልሳትኩም። ጥይቴ ገና መንገድ ላይ ናት።"

ይቺ ንግግር አገሩን ሞላችው። ቀጠሮ ያረፈደ ሰው ጥይቴ መንገድ ላይ ናት ይላል። ፈተና የወደቀ ተማሪ ለአባቱ እንደዚያው ይላል። እኔም እትዬ ቬርዳን አስመስዬ በየድግሱ ሰው ሳስቅ ኖሬአለሁ፤ ባርኔጣውን በድስት ክዳን፣ ጠመንጃውን በመጥረጊያ አድርጌ።

ያለፈው የበረዶ ወቅት ላይ ልጃችን ታምሲን ጀልባ ላይ ተቀጠረች። ጀልባ የምንለው ከላይ ከሚያልፉት የበረዶ ቋጥኞች እየቆረጠ የሚያመጣልንን ነው፤ ያለን እሱ አንድ ብቻ ነው፣ እኛም ያለችን ታምሲን ብቻ ናት። ከመጀመሪያ ጉዞዋ ስትመለስ፣ ጀልባው ሊያርፍ ሲል መልሕቁ ከገደሉ አፋፍ ያለውን አሮጌ ምሰሶ ያዘና ተቆለፈ። ጀልባው ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ። በሩ ዓለቱ ላይ ተጣብቋል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ የአየር በርሜሉ ተሰንጥቋል። ውስጡ አብራሪውና ልጄ አሉ።

ምሰሶው ላይ አንድ መቀርቀሪያ አለ፤ እሱ ከተመታ የመልሕቁ ሰንሰለት ይለቃል። ኮርዳ ላይ ነገር የሚወድቀው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ጀልባው ገደሉ ሥር ያለው በረዶ ላይ በሰላም ያርፋል፤ ሰዎች ወርደው እዚያ እየጠበቁ ነበር። ወደ ምሰሶው ለመድረስ ግን ገደሉን መዞር ያስፈልጋል፣ ማርቦ ደጋግሞ ቢያሰላውም በእግር የሚሄድ ሰው የሚደርሰው አየሩ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ቀና ብለን ወደ ጣሪያው አየን።

እትዬ ቬርዳ በመነጽራቸው ምሰሶውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ተነሡ፣ ወንበራቸውን ከጆንያው ግድግዳ ወዲያ አሻገሩ፣ ጀርባቸውን ለጀልባው ሰጥተው ተቀመጡ።

አረጁ፣ ጃጁ፣ ልጄን የሚያድናት የለም አልኩ በሆዴ።

"እትዬ ቬርዳ፣" አልኩ በሬዲዮ፣ "ልጄ ከኋላዎ ናት እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ወዴት ነው የሚያዩት?"

"ወደ እሷ ነው የማየው። መንገዱ ይረዝማል እንጂ ወደ እሷ ነው። መቀርቀሪያው ምሰሶው ጀርባ ላይ ነው፣ ከዚህ አይገኝም፣ የሚገኘው ከወዲያ ነው። በል አሁን ዝም በለኝ።"

ከጠመንጃው አፍ ብልጭታ ወጣ። ማርቦ ለማንኛውም አንዷን ይድገሟት ብሎ ለመናቸው። ዓይኔ ልክ ከሆነ አንዷ ትበቃለች፣ ልክ ካልሆነ ሁለተኛዋም በዚያው ዓይን ነው የምትሄደው አሉት። ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ኢልሳ ከቤት ሆና ድስት ጣድኩ አለች። የጠየቃት የለም፤ እኛ ጥይት የምንጠብቀው በሾርባ ነው፣ እጇም ያወቀው ይህንኑ ነው። ሬዲዮኑ ላይ የድስቱ መንተክተክና የልጄ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። እኔ የማላውቀው ጸሎት ሁሉ ትዝ አለኝ። ዞሮ የሚመጣውን አስቤ፣ መንገዱ ላይ አንድ ጠጠር እንዳይኖር፣ ጨረቃዋን ስንዝር በስንዝር በዓይነ ልቦናዬ ጠረግኋት።

በመሀል ታምሲን ድምፅዋ ተቆራርጦ መጣ።

"እትዬ... ሳቱ እንዴ?"

እትዬ ቬርዳ መለሱላት፣ ለማርቦ በሚናገሩበት ድምፅ ግን አይደለም።

"ጥይቴ ገና መንገድ ላይ ናት፣ ልጄ። አንቺ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።"

ያን ያህል ዘመን በመጥረጊያ ስቀልድባት የኖርኳት ንግግር ናት። ያን ቀን ከእሷ ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

ኢልሳ ክዳኑን ስታነሣ ሰማሁ። ቀይ መብራቱ በራ። የወደቡ ሰው በሙሉ ቁጭ አለ፣ ጉልበቱ የሚያመው ማርቦ ከሁሉም ቀድሞ ቁጭ አለ። ሰማዩ ላይ የታየ ነገር የለም፤ እዚያ ማዶ ግን ከምሰሶው አንዲት ቁራጭ ብረት ዘልላ ወጣች። ሰንሰለቱ ላላ። ጀልባው እንደተነደፈ ጥጥ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ወረደና በረዶው ላይ ተኛ። ሰዎቹ በሩን ሲፈለቅቁ ሰማሁ፤ ከዚያ አንዱ፣ ሁለቱም በሕይወት አሉ አለ።

እኔ መብራቱ ጠፍቶም አልተነሣሁም። ሄልሜት ውስጥ እንባ አይጠረግም፤ ደርቆ እስኪያልቅ ተቀምጬ ጠበቅሁት።

የዚያን ዕለት እትዬ ቬርዳ ቤታችን መጥተው ያንኑ ሾርባ በሉ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው። በሩ ተከፍቶ ታምሲን ስትገባም መጀመሪያ ያዩዋት እሳቸው ናቸው። ስንት ነገር ልላቸው አስቤ ነበር፣ ከአፌ የወጣው ግን እትዬ፣ እትዬ ብቻ ሆነ። ሳህኑን ወደ ኢልሳ ገፋ አድርገው፣ ጨው አንሶታል አሉ።

አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ይህን የነገራቸው ሰው የለም፤ ራሳቸው ማርቦ ዘንድ ሄደው ከእንግዲህ ባሩድ ብቻ ያለበት፣ እርሳስ የሌለው ጥይት ስጠኝ ብለውታል። ሰው ልመታ አልፈልግም አሉ፣ ጨዋታውንም አልተው አሉ። ስለዚህ በየጠዋቱ ወደ ጣሪያው ይወጣሉ፣ በሽቦው ነፋስ ካፖርታቸው ይንሳፈፋል፣ ከጠመንጃው ብልጭታ ይወጣል፣ ቆርቆሮውም እንደቆመ ይውላል። ሾርባ በሚበስልበት ጊዜ ላይ ማርቦ ቀዩን መብራት ያበራል። የዚያን መብራት ቁልፍ ለሌላ ሰው አሳልፎ አይሰጥም።

ትናንት ሥራ ሊጀምር የመጣ አንድ አዲስ አብራሪ ነበር። መብራቱ ሲበራ ወደቡ በሙሉ ቁጭ ሲል እሱ ቆሞ ቀረ። ነገሩን ሰምቶ ኖሮ፣ እኔና ታምሲን ወደተቀመጥንበት ጎንበስ ብሎ ሄልሜቱን ከሄልሜታችን አነካካ፤ በሬዲዮ ማውራት ሳንፈልግ የምናወራው እንደዚያ ነው።

"ጥይት የለም እኮ፣" አለ። "ባዶ ነው የሚተኩሱት። ምን ሆናችሁ ነው የምትቀመጡት?"

ልጄ እጅጌውን ይዛ ወደ ታች ሳበችው።

"ቁጭ በል፣" አለችው። "ገና መንገድ ላይ ናት።"