የሶማራትነ ሃያ ሁለት ደወሎች

[የስሪ ፓዳ ተራራ የድንጋይ ደረጃ፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ሌሊቱን የወጡት ተሳላሚዎች እየወረዱ ነው። ሶማራትነ አዲስ የቆዳ ጫማ አድርጎ፣ ኪሱ ላይ «ዋና አስጎብኚ» ተብሎ የተጠለፈበት ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን እያወናጨፈ ይወጣል። ከኋላው ሙቱባንዳ በነጠላ ጫማ፣ እሱን ራሱን የሚያክል ቦርሳ ተሸክሟል። ቦርሳው የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው የወይዘሮ ኢራንጋኒ ነው፤ እሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ሁለቱንም ቀድመዋል። ሁለቱም «ኖና» ይሏቸዋል፣ እመቤቴ እንደ ማለት። ሙቱባንዳ ደግሞ ሶማራትነን «አይያ» ይለዋል፣ ታላቅ ወንድሜ እንደ ማለት፤ በዕድሜ የሚበልጠው ራሱ ቢሆንም።]

ሶማራትነ፦ አምስት ሺህ አምስት መቶ ነው አልኩህ! ምን ያከራክርሃል?

ሙቱባንዳ፦ ሲወጡ ነው ሲወርዱ?

ሶማራትነ፦ ምን?

ሙቱባንዳ፦ ደረጃው። ሲወጡ ይበዛል፣ ሲወርዱ ያንሳል።

ሶማራትነ፦ ያው ደረጃ እኮ ነው! በመሃል ማን ነቅሎ ወሰደው?

ሙቱባንዳ፦ እሱን አላውቅም አይያ። ግን ያንሳል።

ሶማራትነ፦ [ወደ ላይ እየጮኸ] ኖና! ይሄን ሰውዬ ከየት ነው ያመጡት?

ኢራንጋኒ፦ [ሳይዞሩ] ከገበያ። ቦርሳ የሚሸከም ማነው ብል እሱ እጁን አወጣ። ይልቅ ቶሎ ቶሎ በል፤ ጉልበት የሚያመኝ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

ሶማራትነ፦ ሆን ብዬ ነው ኖና! አስጎብኚ ከኋላ ሆኖ ነው እንግዳውን የሚጠብቀው። [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስማ ሙቱባንዳ፣ ዛሬ እንዳታሰድበኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ አንተ የተሸከምከው ቦርሳ ውስጥ ነው። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

ሙቱባንዳ፦ ለካ እሱ ነው የከበደኝ።

ሶማራትነ፦ ሚስቴ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ሸሚዙንም ያስጠለፈችው እሷ ናት። ደብዳቤውን ሳልይዝ ብመለስ ከነሸሚዜ ደጅ ነው የማድረው።

ሙቱባንዳ፦ ታዲያ ለምን አይፈርሙልዎትም?

ሶማራትነ፦ ሃያ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ አልኳቸው። «በል ሃያ ሦስተኛውን ከእኔ ጋር ውጣና ጫፉ ላይ ያለውን ደወል ስትደውል ልስማ» አሉ።

ሙቱባንዳ፦ እንዴ፣ ይሄማ ምን ችግር አለው? ተሳላሚ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ተራራውን የወጡትን ጊዜ ያህል መደወል ነው። ሃያ ሦስት።

ሶማራትነ፦ [ላቡን እየጠረገ] አዎ... ምን ችግር አለው። [ጮክ ብሎ] ኖና፣ ጉልበትዎ አሳዘነኝ! እዚሁ ጋ ቢመለሱስ?

ኢራንጋኒ፦ ጉልበቴ ደህና ነው። አስጎብኚ ደግሞ ዝም አይልም። እስቲ እንግዳ ነኝ እንበል፤ የዓለም ዳርቻን ገደል ልይ ብልህ ምን ትለኛለህ?

ሶማራትነ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] የዓለም ዳርቻ! ወደ ዘጠኝ መቶ ሜትር ቁልቁል የተቆረጠ ገደል! ከአፋፉ ሆነው ወደ ደቡብ ሲያዩ ባሕሩ ብር ይመስላል! እንግዳዬን ቁርሱን ተረጋግቶ እንዲበላ አደርገውና ልክ እኩለ ቀን ላይ...

ሙቱባንዳ፦ እኩለ ቀን?

ሶማራትነ፦ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነዋ! ያኔ ነው የሚያምረው።

ሙቱባንዳ፦ እርስዎ እኩለ ቀን ሄደው ምን አዩ?

ሶማራትነ፦ ሁሉንም!

ሙቱባንዳ፦ ዓይንዎ የተባረከ ነው። እኔ ለሰዎች ዕቃ ተሸክሜ ስሄድ ካረፈድን ጉም ብቻ ነው የማየው። የአፋፉ አጥር እንኳን አይታይም። ማለዳ አንድ ሰዓት ካልደረሱ ገደሉ ራሱ የለም።

ሶማራትነ፦ ገደል የት ይሄዳል ሰውዬ!

ኢራንጋኒ፦ [ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆም አሉ] እሺ፣ በነሐሴ እንግዳ ቢመጣብኝና ዓሣ ነባሪ አሳዩኝ ቢልስ?

ሶማራትነ፦ ሚሪሳ! ዓይኔን ሳላሽ ሚሪሳ ወደብ ነው የምወስደው። ጀልባ ላይ ጉብ ማድረግ ነው፤ ቤት የሚያክል ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ጅራቱን ከፍ አድርጎ ሰላም ይለዋል።

ሙቱባንዳ፦ በነሐሴ?

ሶማራትነ፦ ደግሞ በነሐሴ ምን ሆነ?

ሙቱባንዳ፦ በነሐሴ እዚያ ባሕሩ ይናወጣል፣ ጀልባ አይወጣም። የሚስቴ ወንድም እዚያ ነው የሚሠራው። ነሐሴ በሙሉ እኛ ቤት ተኝቶ ሩዝ ይበላል።

ሶማራትነ፦ ስለ ሚስትህ ወንድም ማን ጠየቀህ? በዚች ደሴት በእጄ ያላለፈ ፏፏቴ የለም! በእጄ ያላለፈ ጫካ፣ ዋሻ፣ ነብር የለም!

ሙቱባንዳ፦ ነብሩም በእጅዎ?

ሶማራትነ፦ ነብሩም በእጄ! [ትንፋሹ ተቆርጦ ደረጃው ላይ ቁጭ ይላል] እ... ስንት ቀረን?

ሙቱባንዳ፦ ውይ አይያ! እሱ እኮ እዚህ አይጠየቅም። ሽማግሌዎቹ ቢሰሙ ይቆጣሉ።

ሶማራትነ፦ አውቃለሁ! አንተን ልፈትንህ ነው።

ሙቱባንዳ፦ ዘጠኝ ጊዜ ፈተኑኝ።

[ተሳላሚዎች ቁጥቋጦ ላይ መርፌ ከነክሩ የሚወጉበት ቦታ ደርሰዋል። በቁጥቋጦው ላይ በሺህ የሚቆጠር ነጭ ክር ተጠላልፏል። ሙቱባንዳ ከደረት ኪሱ መርፌና የክር ጥቅል አውጥቶ ለሶማራትነ ይሰጠዋል።]

ሶማራትነ፦ ይሄ ምንድነው?

ሙቱባንዳ፦ መርፌውን እዚህ ይወጉና ክሩን እየለቀቁ ይወጣሉ።

ሶማራትነ፦ ይሄ የጀማሪ ሥራ ነው! ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ነው ክር የሚዘረጋው!

ሙቱባንዳ፦ አዎ።

ሶማራትነ፦ ታዲያ ለኔ ለምን ትሰጠኛለህ?

ሙቱባንዳ፦ ጫማዎን አይቼ ነው።

ሶማራትነ፦ ጫማዬ ምን ሆነ?

ሙቱባንዳ፦ ምንም አልሆነም፤ ያምራል። ሃያ ሁለት ጊዜ የወጣ ሰው ግን እንዲህ ያለ ጫማ አድርጎ ሃያ ሦስተኛውን አይሞክርም ብዬ...

ሶማራትነ፦ [ኢራንጋኒ ማየት አለማየታቸውን ገልመጥ ብሎ መርፌውን በፍጥነት ይወጋል] ልብህ እንዳይሰበር ብዬ ነው! እንዳይከፋህ!

[ከጫፉ በታች ያለችው የመጨረሻ ሻይ ቤት። ኢራንጋኒ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ዘረጉ።]

ኢራንጋኒ፦ እኔ እዚህ ትንሽ ልረፍ። ደወሉ ከዚህ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ደብዳቤውንና እስክሪብቶውን ስጠኝ ሙቱባንዳ። ሶማራትነ፣ አንተ ደውል፣ እኔ እቆጥራለሁ፤ ሃያ ሦስተኛው ላይ እፈርማለሁ።

ሶማራትነ፦ [ደስታው ፊቱ ላይ ቦግ አለ] እዚሁ ይቀመጣሉ? አያዩም... ማለቴ፣ አይመጡም?

ኢራንጋኒ፦ ለመስማት ዓይን ምን ያደርግልኛል?

[የተራራው ጫፍ። ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀዋል፤ የሶማራትነ ተረከዝ ተልጧል። ከደወሉ ፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል።]

ሙቱባንዳ፦ ይደውሉ እንጂ አይያ።

ሶማራትነ፦ [ገመዱን ይዞ ይለቃል] ሙቱባንዳ... አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን ለማንም እንዳትተነፍስ። እኔ እዚህ ወጥቼ አላውቅም።

ሙቱባንዳ፦ እ...

ሶማራትነ፦ ግማሽ መንገድ ላይ ይመለሳሉ ብዬ ነው! የስልሳ ስምንት ዓመት አሮጊት፣ ጉልበታቸው የታመመ፣ እንደ ፍየል ይወጡታል ብዬ መች አሰብኩ? አባቴ ደግሞ እዚህ ደወል ላይ የዋሸ ሰው መልካም ነገር አያገኝም ይል ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ አንተ ደውልልኝ።

ሙቱባንዳ፦ እኔ?

ሶማራትነ፦ አንተ ምን አለብህ? ሃያ ሦስቱን ትደውላለህ፣ እሳቸው ታች ይቆጥራሉ፣ አለቀ። ኃጢአቱ ለሁለት ሲካፈል ይቀላል።

ሙቱባንዳ፦ የኔስ?

ሶማራትነ፦ ያንተ ምን?

ሙቱባንዳ፦ የኔ ድርሻ። የራስን ሳይደውሉ የሰው አይደወልም።

ሶማራትነ፦ አንድ ሁለቴ ከሆነ ቶሎ በል በቃ! እሳቸውም እጄን እያሟሟቅሁ ይመስላቸዋል።

[ሙቱባንዳ ቦርሳውን አውርዶ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አጋጥሞ ሰገደና መደወል ጀመረ። ሶማራትነ በጣቱ ይቆጥራል።]

ሶማራትነ፦ አራት... አምስት... ምነው፣ አምስቴ ወጥተሃል እንዴ? ... አስራ አንድ... አስራ ሁለት... እንግዲህ የኔን ጀምረህልኛል ማለት ነው፤ ተባረክ... ሃያ አንድ... ሃያ ሁለት... ሃያ ሦስት! በቃ! በቃህ!

[ሙቱባንዳ ይደውላል።]

ሶማራትነ፦ ሞላ አልኩህ! ሃያ ሰባት! ሰውዬ መቁጠር አትችልም?

ሙቱባንዳ፦ [ሳያቋርጥ] ይሄ የኔ ነው አይያ። የእርስዎ ገና አልተጀመረም።

ሶማራትነ፦ ያንተ ስንት ነው?!

ሙቱባንዳ፦ እኔ እንጃ፣ ብዙ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ለሻይ ቤቶቹና እዚህ ጫፉ ድረስ ሩዝና ጋዝ ሳመላልስ እጄ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንድ ቀንም አልደወልኩም። ተጠራቅሞብኝ ነው።

[ይደውላል። ሰልፉ እስከ ደረጃው ድረስ ረዝሟል። አንድ ሕፃን ጆሮውን ይዟል። ሶማራትነ ገመዱን ሊቀማ ይታገላል፤ አልቻለም። በመጨረሻ ኢራንጋኒ ምርኩዛቸውን እያስጮሁ ይመጣሉ፤ ሙቱባንዳ ሲያያቸው ገመዱን ለቀቀ። ሶማራትነ ቶሎ ብሎ ገመዱን ያዘ።]

ኢራንጋኒ፦ መቶ አርባ ሦስት! ሻዬን ደፍቼ መጣሁ! ሶማራትነ፣ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? መቶ አርባ ሦስት ጊዜ ወጥተህ ሃያ ሁለት ትለኛለህ?

ሶማራትነ፦ እ... ኖና... ሰው ራሱን ሲያሞግስ አልወድም።

ኢራንጋኒ፦ እኔ ደግሞ ስንት ነገር ጠርጥሬህ! ጉሙን አታውቅም፣ ዓሣ ነባሪውን አታውቅም፣ «ስንት ቀረን» እያልክ... ለካ ትሕትና ነው! ና፣ ጀርባህን ስጠኝ፣ እዚሁ ደግፌ ልፈርም።

[ሶማራትነ ጎንበስ አለ። ኢራንጋኒ ወረቀቱን ጀርባው ላይ ዘረጉ።]

ሙቱባንዳ፦ ኖና፣ ይቅርታ። የአይያን ሃያ ሦስት አሁን ልጀምርላቸው ወይስ ሰዎቹ መጀመሪያ ይለፉ?

[ኢራንጋኒ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሱ።]

ኢራንጋኒ፦ የአይያን? ይሄ ሁሉ የማን ነበር?

ሙቱባንዳ፦ የኔ። ገና ሦስተኛው ዓመት ላይ ነኝ።

ኢራንጋኒ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ሙቱባንዳ፦ አልጠየቁኝም። ቦርሳ የሚሸከም ማነው ነው ያሉት።

ኢራንጋኒ፦ የእሱንስ ለምን አንተ ትደውልለታለህ?

ሙቱባንዳ፦ እጃቸው እምቢ ብሏቸው ነው።

ኢራንጋኒ፦ ሶማራትነ፣ ቀና በል። ያንተን ራስህ ደውል።

[ሶማራትነ ቀና አለ። ሰልፈኛው ሁሉ ያየዋል። ገመዱን ስቦ አንድ ጊዜ ብቻ ደወለ። ለቀቀው።]

ኢራንጋኒ፦ አንድ።

ሶማራትነ፦ አንድ ኖና። ካንዲ ከተማ ማተሚያ ቤት አስራ ሁለት ዓመት የጎብኚ ማስታወቂያ ወረቀት አጣፊ ነበርኩ። ፏፏቴው፣ ገደሉ፣ ነብሩ፣ ሁሉም በእጄ ነው ያለፈው፤ ሦስት ቦታ እየታጠፈ። ከዚያ ማጠፊያ ማሽን ገዙና አሰናበቱን። አንዱንም በዓይኔ አላየሁም። [ቁልቁል ሸለቆውን እያየ] ይሄ ተራራ ወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ነበር። ለካ አረንጓዴ ነው። አፈርኩ ኖና፣ በጣም አፈርኩ።

[ኢራንጋኒ ደብዳቤው ላይ የነበረውን ስም ሰረዙና ሌላ ጻፉ። የሙቱባንዳ ጀርባ ላይ ደግፈው ፈረሙ።]

ሙቱባንዳ፦ ኖና፣ እኔ እኮ ወሬ አልችልም። ቦታው የት እንዳለ ነው የማውቀው፤ ስሙንና ሜትሩን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ኢራንጋኒ፦ ደብዳቤው አንድ ነው።

ሙቱባንዳ፦ ቦርሳውስ?

[ሦስቱም ቦርሳውን አዩት።]

ሶማራትነ፦ ሸሚዜ ላይ ግን... ዋና አስጎብኚ ይላል እኮ። ሰው ሲያነበው ምን ይላል?

ሙቱባንዳ፦ ግድ የለም፤ የቦርሳው ማንገቻ ይሸፍነዋል።

[መውረጃው። ኢራንጋኒ ከፊት፣ ሙቱባንዳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እያፏጨ ከኋላቸው። በመጨረሻ ሶማራትነ፣ ጫማውን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከቦርሳው በታች ጎብጦ።]

ሶማራትነ፦ አይያ! አይያ ሙቱባንዳ!

ሙቱባንዳ፦ አቤት።

ሶማራትነ፦ ሲወርዱ ያንሳል ብለኸኝ አልነበር እንዴ?

ሙቱባንዳ፦ ብያለሁ። ባዶ እጁን ለሚወርድ ነው ያልኩት።