ከሜሞሪ የሰረቅኩት ዕረፍት

መካነ ሰላም ውስጥ የሚቸኩል ነገር ብትፈልጉ አታገኙም። ሚኒባሱ የሚነሳው ሲሞላ ነው፤ እስኪሞላ ድረስ ሾፌሩ ቁርሱን ይበላል፣ ጢሙን ይላጫል፣ ከአንዱ ጋር ተጣልቶ ይታረቃል። ጉዳይ ያላችሁበት ቢሮ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ትናንትም ነበሩ። መብራት ሲጠፋ መቼ ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር እንግዳ ሰው ነው። በዚህች ረጋ ባለች ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ለቢሊዮን ከተከፈለ አንድ ሰከንድ ላይ ጥቂት ፍርፋሪ ለማትረፍ ዓመታት የፈጀ ሰው እኔ ነኝ።

ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ማንሳት፣ ማመልከቻ መተየብ፣ የሞተ ኮምፒውተር ማስነሳት፣ ዘፈንና መንዙማ በካርድ መጫን ነው። በሽታዬ ግን ሌላ ነው። አይከብድም፣ ላስረዳችሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ሜሞሪ የሚባል ነገር አለ፤ ማሽኑ በእጁ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያስቀምጥበት። አምጣ ሲሉት ወዲያው አያመጣም፤ ጥቂት ምት ይጠብቃል፤ ካመጣም በኋላ ለሚቀጥለው ትእዛዝ ጥቂት ያርፋል። የሠራው ፋብሪካ የመጠበቂያውንና የማረፊያውን ልክ በቁጥር ወስኖ ይልከዋል። እንደ እኔ ያለው ደግሞ ይገባና አሥራ ስድስት የተባለውን አሥራ አራት ያደርገዋል። ሜሞሪው ካንገራገረ ቮልቴጁን ትንሽ ከፍ ያደርግለታል፤ ያኔ እሺ ይላል። ማሽኑም ይፈጥናል፤ መፍጠኑን የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው።

ክፋቱ ሜሞሪ ደከመኝ አለማለቱ ነው። ሞተር ቢሆን ይጮኻል፣ በቅሎ ብትሆን መንገድ ላይ ትተኛባችኋለች። እሱ የማይችለውን ሲያዙት እሺ ይልና፣ ካስቀመጡበት መቶ ሺህ ፊደል አንዷን ቀይሮ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመልስላችኋል። ለዚህ ደግሞ መፈተኛ ፕሮግራም አለ። ሜሞሪውን ለሰዓታት ሲያለፋው ይቆይና በመጨረሻ ያገኘውን ስህተት ብዛት ይናገራል። እኔ የፈተንኩት በነሐሴ ነበር፤ ጭጋጉ በራፌ ድረስ ገብቶ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ሦስት ጠዋት በተከታታይ። ሰው በከተማ ለማቀዝቀዣ ገንዘቡን ያፈሳል፣ ለእኛ ለደገኞቹ ግን በር መክፈት ይበቃናል እያልኩ እኮራ ነበር። ውጤቱ «ስህተት የለም» አለኝ። አተምኩትና ከንግድ ፈቃዴ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። እስቲ አሁን ይህ ምን ይባላል?

እማማ ዘምዘም የመጡት በሚያዝያ ነው፤ በቀትር፣ ፀሐይ የቤቴን ቆርቆሮ ስትጠብሰው። ከከተማው ወረድ ብሎ ካለ መንደር የሚኖሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ እናት ናቸው። ትልቋ ልጃቸው ሰዓዳ ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ስድስት ዓመት ኖራ፣ ባለፈው ዓመት እዚያው ሞተች። ተኝታ አልነቃችም ተባለ፤ ከዚህ በላይ የነገራቸው የለም። የተቀበረችውም እዚያው ነው። አንዲት ጓደኛዋ ስትመለስ ሁለት ቀሚስና ስልኳን አመጣችላቸው።

ስልኩ ውስጥ ሠላሳ አንድ የድምፅ መልእክት ነበር፤ ሁሉም ለእናቷ። በእኛ በኩል ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት የተቀዱ ናቸው። ሰዓዳ ወደ እናቷ ጎረቤት ስልክ ትልካለች፣ አይደርስም፤ አይደርስም ብላ ግን አላቆመችም። እናትየው አንዱንም አልሰሙትም። አሁን የሚፈልጉት ድምፁ በካርድ ተደርጎላቸው በትንሿ ሬዲዮአቸው እንዲሰሙት ነው፤ ስልኩ በሳምንቱ ወደዚያው አገር ለምትሄደው ለታናሿ ለሐያት ይሰጣልና። እዚህ ላሰማዎት ወይ አልኳቸው። አይሆንም አሉ፤ ቤታቸው ገብተው፣ በራቸውን ዘግተው ነው የሚሰሙት።

ሥራው ቀላል ነበር። ድምፆቹን ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩ፣ ሬዲዮዋ ወደምታውቀው ዓይነት ቀየርኩ፣ ካርዱ ላይ ጫንኩ። መጀመሪያ ያሉትን ሁለቱን ከፍቼ «አሰላሙ አለይኩም እማዬ» የምትለዋን እንደሰማሁ ዘጋሁ። በእናትና በልጅ መሃል ጆሮዬ ምን ያገባዋል ብዬ ነው። ጨዋነት መሆኑ ነው። ሃያ ዘጠኙን ሳልሰማ፣ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቼና አጽድቼ እንደ አዲስ አድርጌ ለሐያት ሰጠኋት። ማሽኔ እንዴት እንደፈጠነ ለእማማ ዘምዘም ሳልነግራቸውም አልቀረሁም። እሳቸውም ማሻአላህ አሉኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሬዲዮዋን በነጠላቸው ጠቅልለው ተመለሱ። ሐያት ሄዳለች። ሬዲዮዋ ታማለች አሉኝ፤ ሁለቱን ደህና ታሰማና ሦስተኛው ላይ «እማዬ» ብሎ ይጀምርና ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚፈስ ይሆናል። እሳት አጠገብ አስቀምጫት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብለው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? ካርዱ ይሆናል አልኩ። አያችሁ፣ ስህተትን ፊት ሳይቀይሩ መመለስ የሜሞሪ ብቻ ጠባይ አይደለም።

እንደወጡ መፈተኛውን በዚያው በቀትር አስነሳሁት። ስክሪኑ በቀይ መስመር ሞላ። የነሐሴው ብርድ የሸፈነልኝን ሁሉ የሚያዝያ ቆርቆሮ ሙቀት ገልጦ አሳየኝ። ቁጥሮቹን ሁሉ ፋብሪካው ወዳለው መለስኩ፣ ቮልቴጁንም ዝቅ አደረግኩ፤ መፈተኛው ጸጥ አለ። ግን ምን ዋጋ አለው? ከስልኩ የገለበጥኩት ዋናውም ያለፈው በዚያው ሜሞሪ ነው። አሁን ማሽኑ ታማኝ ሆኗል፤ ታማኝ ሆኖም የተበላሸውን እንደተበላሸ አንድ ሳያጎድል ያነብልኛል። ለቀናት ታገልኩ። ከሠላሳ አንዱ በሙሉ የተረፉት አምስት ናቸው። አሁን ሁሉንም አዳመጥኩ፣ ጨዋነቴን ትቼ። አምስቱም የሚሉት ደህና ነኝ፣ አታስቢ ነው። ከተበላሹት አንዱ «እማዬ፣ ዛሬ ግን…» ይላል። ከዚያ ወዲያ ጠጠር ብቻ።

ያቺን «ዛሬ ግን» ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልነግራችሁም።

መንገር ነበረብኝ፤ ብቻዬን ግን እግሬ እምቢ አለኝ። እህል የሚነግዱትን ጎረቤቴን ሐጂ እንድሪስን አማከርኩ። መጀመሪያ ይህ ሁሉ ለካርድ ነው ወይ ብለው ሊስቁ ነበር፤ ነገሩ ሲገባቸው ሳቁን ተዉት። ከባድ ነገር ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በጠዋት ይነገራል፣ ብቻችንንም አንሄድም አሉ። በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ ስንወርድ ሁለት ሽማግሌዎች ከየደጃቸው ተነስተው ተቀላቀሉን። አራት ወንድ፣ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ሳንነጋገር ቁልቁል ወረድን። ሐጂ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዓመት በፊት የሰዓዳን መርዶ ይዘው ወርደው ነበር።

እናንተ ገብቷችኋል። ከአራታችን ግን አንዳችን እንኳ አላሰብነውም፤ የሁላችን ዕድሜ ቢደመር ከሁለት መቶ ያልፋል።

እማማ ዘምዘም ጀሪካን ይዘው ሊወጡ በራቸውን ሲከፍቱ አዩን። አልጮኹም። ጀሪካኑ ከእጃቸው ወደቀና ድንጋዩን እያንኳኳ ወረደ። እሳቸው የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ፤ እያንዳንዳችንን ተራ በተራ አዩንና በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣

«ሐያትንም?» አሉ።

ሐጂ እንድሪስ መሬት ላይ ተንበረከኩ። ወላሂ ሐያት ደህና ናት፣ ወላሂ ደህና ናት እያሉ እጃቸውን ያዙ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ስመጣ ብዙ ልናገር አዘጋጅቼ ነበር፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቆርቆሮው። ያን ሁሉ ረሳሁት።

«አውፍ በሉኝ እማማ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። «የሰዓዳን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ካርዱ አይደለም፣ እሳቱም አይደለም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ድምፅ ነው?» አሉ። «ድምፅ ብቻ ነው?»

አዎ አልናቸው፣ አራታችንም። አልሐምዱሊላህ ብለው መሬቱን ሳሙ፣ ሳቁም፣ እንባቸውም ወረደ። ከዚያ እኔን ወደ እሳቸው ጎትተው አብሽር ልጄ፣ አብሽር እያሉ ጀርባዬን መቱኝ። ቤት ገብተን ዱዓ አደረጉልን። እኔንም መረቁኝ፣ ማሽኔንም መረቁት።

ይቅርታ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን የከበደኝ የለም። ያቺ እናት ለልጇ ድምፅ የማልቀስ መብት ነበራት። ሃያ ስድስት መልእክት፣ ስንት ሰዓት የልጅ ወሬ፣ ማንም ሳይሰማው ጠፍቷል። እኔ ግን በትልቁ አስፈራርቼ ጉዳቱን ትንሽ አስመሰልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሰዓዳ ድምፅ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ልቅሶአቸውንም ጭምር ነው የወሰድኩባቸው። አሁንም ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

የሚገርመው ደንበኝነታችን ከዚያ በኋላ ጠና። ኢንተርኔቱ ተመልሷል፣ ሐያት የምትልከው በእኔ ስልክ ይመጣል፤ እማማ ዘምዘም በየገበያው ቀን ካርዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሜሞሪዬ ፋብሪካው እንዳዘዘው ያርፋል። ገልብጬ ስጨርስ እያንዳንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ከዋናው ጋር እያስተያየሁ እሰማለሁ። ከአሁን ወዲያ ጨዋ አልሆንም።

የሐያት የመጀመሪያ መልእክት ስድስት ደቂቃ ነበር። ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሰዎቹ ልጆች፤ ቡሬ ወለደች ወይ ብላም ላሟን ጠይቃለች። ሁለተኛው አራት ደቂቃ። በወሩ ሁለት ሆነ፤ ላሟም ቀረች። ከዚያ አንድ ደቂቃ። ባለፈው ገበያ የመጣው አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ነው፤ «እማዬ፣ ደህና ነኝ። ሥራ ስላለ ነው። ደህና ነኝ።» ድምፁን ሦስቴ ከዋናው ጋር አስተያየሁት። አንዲት ፊደል አልጎደለም። ለራሷ ለሐያት ድምፅ ላክኩላት፤ ዕረፍት ይሰጡሻል ወይ፣ እውነቱን ንገሪኝ ብዬ። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ፦ ደህና ነኝ ጋሼ።

ለሐጂ እንድሪስ አሰማኋቸው። እሱ ያውቃል ብለው ወደ ላይ አዩ። ወደዚያ አገር የሚደውል ቢሮ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ ከአንዱ ቢሮ ማመልከቻ ጻፍ አሉኝ፤ ማመልከቻ መጻፍ ሥራዬ ነውና ጻፍኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

ትናንት እማማ ዘምዘም መጡ። ካርዱን አልሰጡኝም፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ስለ ገበያው ጥቂት አወሩ፣ ስለ ብርዱም አወሩ። ከዚያ ዓይናቸውን «ስህተት የለም» ከሚለው የግድግዳው ወረቀት ላይ ሳያነሱ፣

«ያ ልጄ» አሉ፣ «የሐያት ወሬ እያጠረ መጣ። እንደ ፊቱ ማሽንህ እየቆረጠው ነው፣ አይደል?»

ፊታቸውን አየሁት። መልሱን ይዘውት ነው የመጡት፤ ከእኔ የሚፈልጉት አዎን ብቻ ነው። ማሽኔ ግን በዕድሜው እንደዚያ ቀን ንጹሕ ሆኖ አያውቅም፤ እኔም እንደዚያው።

«አዎ እማማ፣ ማሽኑ ነው» አልኩ። «አውፍ በሉኝ።»

ትከሻቸው ሲላላ አየሁት። «አብሽር ልጄ» አሉኝ፤ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝና ወደ ገበያው ወጡ።