የጋሽ ታደሰ የኮሌጅ ደረጃ

ጎፋ ስኖር ለኮሌጆች ደረጃ የሚያወጡ ጎረቤት ነበሩኝ ብል ታምኑኛላችሁ? ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። የግል ኮሌጆች በየቦታው በተከፈቱበት ሰሞን፣ ለልጃቸው ለሰናይት የሚሆናትን ለመምረጥ ሁሉንም በእግራቸው ዞሩ። መለኪያቸው ጥብቅ ነበር፦ የበሩ ስፋት፣ የዘበኛው ሰላምታ፣ የዲኑ ከረባት። በሩ ቆርቆሮ የሆነው የላፍቶው ኮሌጅ መጨረሻ ወጣ።

ሰናይት ግን አንድ ክፍለ ጊዜ አዳመጠችና እዚያው ተመዘገበች።

«አባዬ፣ መምህሩ ሲያስረዱ ይገባኛል» አለቻቸው።

«መረዳት መለኪያዬ ውስጥ የለም!» ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፏት።

ሰናይት በማዕረግ ተመረቀች። በማግስቱ አንደኛው ኮሌጅ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የላፍቶው ነዋ!»

«ምን ተሻሽሎ?»

ጋሽ ታደሰ በትዝብት አዩኝ። «የእኔ ልጅ የተማረችበት ኮሌጅ እንዴት ሁለተኛ ይወጣል?»