ኩሊ ብዬ የጻፍኩት ሪገር

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሥራን ስም ግን የሚያወጣው ጸሐፊ ነው፤ መልአክ አጠገቡም አይደርስ። ይህን የማውቀው በጃንሆይ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ የአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች መዝገብ ጸሐፊ ስለነበርኩ ነው።

አንድ ሰሞን የሠራተኛው ሁሉ የሥራ መጠሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይመለስ ተባለና መዝገቡ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆለለ። በያጅ፣ አናጢ፣ ዘበኛ እያልኩ ስወርድ «ሪገር» የሚል ላይ ደረስኩ። ምን ይሆን ብዬ በመስኮት ባይ፣ ባለ ስሙ አው ዩስፍ ትከሻው ላይ ገመድ ጠምጥሞ ግቢውን ያቋርጣል። ገመድ የተሸከመ ሰው ምን ይባላል? «ኩሊ» ብዬ ጻፍኩ። የምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር፤ አትፍረዱብኝ።

አው ዩስፍ፣ ማን እንደነገረው እንጃ፣ በማግስቱ መጣ። ድሬ አንቱታ አታበዛም፤ እሱም በዕድሜ አባቴ ቢሆን እንኳ «አንቱ» ብትሉት ማንን ነው ብሎ ዞሮ የሚያይ ሰው ነበር። ለማዕረግ ደንታ የለውም። ሪገር የምትለዋን አንዲት ስም ግን ፈለጋት።

«አቦ፣ እኔ ኩሊ ነኝ እንዴ?»

«ታዲያ ሪገር ምንድን ነው?» አልኩት።

ተቀምጦ አስረዳኝ። አባቱ ታጁራ ወደብ ላይ የጀልባ ሸራ ወጣሪ፣ ገመድ አሳሪ ነበር። ሪገር የሚባለው መጀመሪያ እንዲህ ያለው ባሕረኛ ነው። የእንፋሎት መርከብ መጥቶ ሸራው ሲቀር ገመደኞቹ ወደ የብስ ወጡ፤ ከባድ ዕቃ አስሮ ማስነሳት ሥራቸው ሆነ፤ ስሙም ተከትሏቸው ወጣ። ወንዟ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ በሆነባት ድሬ፣ የባሕረኛ ስም ይዞ የሚዞር ሰው ነበረን ማለት ነው።

«ኩሊ ይሸከማል» አለኝ። «እኔ አስራለሁ። ምልክት የሚሰጠው ደሞ ያሰረው ነው። እጄን ስጨብጥ ክሬኑ ይቆማል፤ ወላሂ፣ ሥራ አስኪያጁም ቢመጣ ይቆማል። ኩሊ ካልከኝ ግን ማን ይሰማኛል?»

«አስተካክለዋለሁ» አልኩት፤ ከልቤ ነበር። ግን ስርዝ የአለቃ ፊርማ ይፈልጋል፤ አለቃውን ለማግኘት ደግሞ ከወንበር መነሳት ያስፈልጋል፤ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ። ጠዋት ጠዋት በመስኮቴ ሲያልፍ ቅንድቡን ያነሳል፤ እኔም «ነገ» እለዋለሁ።

በዚህ መሃል ሠራተኛውን የሚያዝ አዲስ ካቦ ተቀጠረ። መዝገቡን እንጂ ሰዎቹን ገና አያውቅም።

አንድ ቀን ትልቅ ማሽን ሊተከል ሆነ። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ዕቃው ክንድ ያህል ተነስቶ ይቆማል፣ ሚዛኑ ይታያል፣ ገመዱ ይስተካከላል፣ ከዚያ በኋላ ሽቅብ ይሄዳል። ማሽኑ ክንድ ያህል ተነሳና ወደ አንድ ጎን አጋደለ። አው ዩስፍ እጁን ጨበጠ።

«ኩሊ ምልክት አይሰጥም! አንሳ!» አለ ካቦው።

ክሬን ነጂው አንዴ ጡጫውን፣ አንዴ ካቦውን አየ። ካቦውን ታዘዘ። ማሽኑ ከገመዱ ሲያመልጥ አው ዩስፍ ሥሩ የነበሩትን ሁለት ሠራተኞች ገፍትሮ አወጣቸው። ለራሱ ጊዜ አልበቃውም።

የሞት ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። እያለቀስኩ የሥራው ዓይነት ከሚለው ፊት ለፊት «ሪገር» ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡንም አውጥቼ «ኩሊ» የሚለውን ሰረዝኩ፤ ከወንበሬም ተነስቼ አለቃው ዘንድ ሄድኩ። ምንም ሳይጠይቅ ፈረመልኝ።

ጠቅላላው የፈጀው ጊዜ ቀለሙ እስኪደርቅ ነበር።